ዘመም ያለው ፊደልና የመጽሐፍ ስም
የአልዱስ ማኑቲዩስ የሕይወት ታሪክ ለዛሬ አዘጋጆች

የመጽሐፍን ስም በጽሑፍ መካከል በምን ምልክት መለየት ይገባል? ይህ ጥያቄ ለአንዳንዱ ሰው ከቁም ነገር የማይገባ መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገር ግን ዕለት ዕለት የመጻሕፍት ዝርዝር የሚያሰናዳ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ የሌላውን ሰው ድርሰት የሚያርም አዘጋጅና ጽሑፉን ለኅትመት የሚያቀርብ ሠራተኛ ሁሉ፣ አስቦበትም ሆነ ሳያስብበት፣ መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ ነው። ቀድሞ መልሱ የሚገኘው በፊደል ለቃሚው ሣጥን ውስጥ ነበር። ዛሬ ጽሑፍ ከወረቀት ወደ ድረ ገጽ ሲተላለፍ ግን መልሱ የሚጻፈው ኤች.ቲ.ኤም.ኤል. በሚባለው የምልክት ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ ውስጥ ለዓይን አንድ ዓይነት መልክ የሚሰጡ፣ ትርጉማቸው ግን የተለያየ ሦስት ምልክቶች አሉ። ሦስቱም ቃሉን ወደ ቀኝ ዘመም አድርገው ያሳዩታል። አንባቢው ልዩነቱን አያይም፤ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰው ግን ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አለበት።

ለመሆኑ ይህ ዘመም ያለ ፊደል ከየት መጣ? የመጽሐፍ ስም መለያስ እንዴት ሊሆን በቃ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ አምስት መቶ ዓመት ያህል ተመልሶ፣ በቬኒስ ከተማ ይኖር የነበረውን የአንድ መምህር ሕይወት መመርመር ያስፈልጋል። ይህ ሰው አልዱስ ማኑቲዩስ ነው። ታሪኩ በኅትመት ሙያ ለተሰማራ ሁሉ የሚጠቅም ሲሆን፣ በተለይ መልክና ትርጉም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አጉልቶ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመምህርነት ወደ ማተሚያ ቤት

አልዱስ የተወለደው ከሮም በስተ ደቡብ በምትገኝ ባሲያኖ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የልደቱን ዘመን ሊቃውንት ከ1449 እስከ 1452 ባለው ጊዜ ውስጥ ያደርጉታል። ወጣት ሳለ ወደ ሮም ሄዶ የላቲንን ቋንቋ ተማረ፤ ከዚያም ወደ ፌራራ ተሻግሮ ከስመ ጥሩው መምህር ከባቲስታ ጓሪኖ ዘንድ የግሪክን ቋንቋ ቀሰመ። በትምህርት ዓለም ከተዋወቃቸው ሰዎች መካከል ፈላስፋው ጆቫኒ ፒኮ ዴላ ሚራንዶላ ይገኝበታል። በዚህም ወዳጅነት ምክንያት የፒኮ የእኅት ልጆች ለሆኑት ለካርፒ ልዑላን፣ ለአልቤርቶና ለሊዮኔሎ ፒዮ፣ መምህር ሆኖ ተቀጠረ። ኑሮው የተደላደለ፣ ስሙም የተከበረ ነበር። ዕድሜው ወደ አርባ እስኪጠጋ ድረስ ከመምህርነት በቀር ሌላ ሥራ አልሠራም።

ይሁን እንጂ መምህሩን ዘወትር የሚያስጨንቀው አንድ ችግር ነበር። ይኸውም ለተማሪዎቹ የሚሰጣቸው የግሪክ መጽሐፍ ማጣቱ ነው። ቁስጥንጥንያ በ1453 በኦቶማን ቱርኮች እጅ ከመውደቋ በፊትም ሆነ ከወደቀች በኋላ ብዙ የግሪክ ሊቃውንት ወደ ኢጣሊያ ተሰደው ነበር። ብራናዎቹ ግን ጥቂቶች ስለነበሩ በእጅ ሲገለበጡ ስሕተት ይበዛባቸው፣ ዋጋቸውም ከተማሪ አቅም በላይ ይሆን ነበር። ካርዲናል ቤሳሪዮን ታላቁን የመጻሕፍት ስብስባቸውን በ1468 ለቬኒስ ሪፑብሊክ ሰጥተው ነበር። በከተማይቱም ብዙ የግሪክ ስደተኞችና ብዙ ማተሚያ ቤቶች ይገኙ ነበር። ስለዚህ አልዱስ በ1490 ገደማ የልዑላኑን ቤት ትቶ ወደ ቬኒስ ሄደ።

መምህሩ ዕውቀት እንጂ ገንዘብም ሆነ የማተም ልምድ አልነበረውም። ስለሆነም ከሁለት ሰዎች ጋር በሽርክና ተዋዋለ። አንደኛው በማተም ሥራ የተካነው አንድሬያ ቶሬዛኒ፣ ሁለተኛው ከቬኒስ መስፍን ቤተሰብ የተወለደው ባለጸጋ ፒየርፍራንቸስኮ ባርባሪጎ ነበር። በ1495 ዓመተ ምሕረቱ የተመለከተበት የመጀመሪያው መጽሐፍ ከማተሚያ ቤቱ ወጣ። ይህም የቆንስጣንጢኖስ ላስካሪስ የግሪክ ሰዋስው ነበር። አንድ መምህር አታሚ ቢሆን በሰዋስው መጀመሩ የሚጠበቅ ነው። ወዲያው ቀጥሎ የአርስጣጣሊስን ድርሳናት በአምስት ታላላቅ ጥራዞች ማተም ጀመረና በ1498 ፈጸመ። ከዚያ ቀደም ይህን ያህል ሰፊ የግሪክ ሥራ በኅትመት ለመሥራት የደፈረ ማንም አልነበረም።

በዚያው በ1498 አልዱስ ለኛ ሙያ እጅግ የሚጠቅም አንድ ሌላ ነገር አሳተመ። እስከዚያ ያተማቸውን የግሪክ መጻሕፍት በአንድ ነጠላ ወረቀት ላይ ዘርዝሮ አወጣ። ዝርዝሩ በሰዋስው፣ በቅኔ፣ በሎጂክ፣ በፍልስፍናና በቅዱሳት መጻሕፍት ተከፍሎ፣ የየመጽሐፉን ስምና ዋጋ ያመለክት ነበር። እዚህ ላይ የመጽሐፍ ስም በጽሑፍ ውስጥ እንዲሁ የሚያልፍ ቃል መሆኑ ቀርቶ፣ ራሱን ችሎ የሚፈለግ፣ የሚመደብና ገዥን ወደ መጽሐፉ የሚመራ ነገር ሆነ። ስሙ ከተሳሳተ ወይም ከሌላው ቃል ካልተለየ መጽሐፉ አይገኝም። ዝርዝር የሚያሰናዳ ሰው ሁሉ ዛሬም የሚጨነቅበት ይህ ነው።

የፍራንቸስኮ ግሪፎ ፊደል

በአልዱስ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደሎቹን በብረት ላይ የሚቀርጽ ፍራንቸስኮ ግሪፎ የሚባል የቦሎኛ ሰው ነበር። በ1496 ለታተመው፣ ፒየትሮ ቤምቦ ስለ ኤትና ተራራ ለጻፈው ትንሽ መጽሐፍ የተቀረጸው ቀጥ ያለ የላቲን ፊደል የግሪፎ የእጅ ሥራ ነው። የፊደሉ ውበት ከዚያ ወዲህ ለመጡት ቀራጮች ምሳሌ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሁሉ የሚጠቀሙበት ነጥብና ጭረት ያለው የዓረፍተ ነገር መክፈያ ምልክትም በኅትመት የታየው በዚሁ መጽሐፍ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አልዱስና ግሪፎ ሌላ አዲስ ፊደል አሰቡ። በዚያን ጊዜ የኢጣሊያ ምሁራን በፍጥነት ሲጽፉ እጃቸው ወደ ቀኝ ያዘነብል፣ ፊደሎቹም እርስ በርሳቸው ይያያዙ ነበር። ግሪፎ ይህን የእጅ ጽሕፈት በብረት ቀረጸው። አዲሱ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1500 በታተሙት የሲዬናዋ ቅድስት ካትሪን ደብዳቤዎች ውስጥ ነው። በዚያም የገባው ሙሉ ጽሑፍ ሆኖ አልነበረም፤ በሥዕሉ ላይ ቅድስቲቱ በያዘችው መጽሐፍና ልብ ላይ በጥቂት ቃላት ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1501 ግን የሮማዊው ባለቅኔ የቨርጂል ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚህ ፊደል ታትሞ ወጣ።

መጽሐፉ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነበር። ቀድሞ የታላላቅ ደራሲያን መጻሕፍት በትላልቅ ጥራዝ፣ በጽሑፉ ዙሪያ የሊቃውንት ሐተታ ተጨምቆባቸው ይታተሙ ስለነበር በአትሮንስ ላይ ካልተቀመጡ አይነበቡም ነበር። አልዱስ ሐተታውን አውጥቶ ጽሑፉን ብቻ አስቀረ። አንባቢውም መጽሐፉን ይዞ በመንገድም፣ በአትክልት ቦታም፣ በጦር ሰፈርም ሊያነብ ቻለ። ዘመም ያለው ፊደል የጓደኛ ደብዳቤ የማንበብ ያህል ቅርበት ይሰጥ ነበር። ከቨርጂል ቀጥሎ የሆራስ፣ የፔትራርክና የዳንቴ ሥራዎች በዚሁ ዓይነት ወጡ።

እዚህ ላይ አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ዘመም ያለው ፊደል ምንም ነገር አይለይም ነበር። መጽሐፉ በሙሉ ዘመም ብሎ ከተጻፈ አንዱ ቃል ከሌላው በመዝመም ሊለይ አይችልም። እንዲያውም በየስንኙ መጀመሪያ የሚገቡት ትላልቅ ፊደሎች ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ ግሪፎ ዘመም ያሉ ትላልቅ ፊደሎች አልቀረጸምና። ስለዚህ የመጽሐፍን ስም በዘመመ ፊደል የመጻፍ ልማድ የአልዱስ ሥራ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። አልዱስ መልኩን ሰጠ እንጂ ትርጉሙን አልሰጠም።

መልክን የገለበጡ ሰዎች

ትንንሾቹ መጻሕፍት ብዙ ገበያ አገኙ። አልዱስም ፊደሉ እንዳይሰረቅበት ከቬኒስ መንግሥት፣ ከሮማው ሊቀ ጳጳስ ከአሌክሳንደር 6ኛም የብቸኝነት መብት አወጣ። ይሁን እንጂ መብቱ ከኢጣሊያ ውጭ አልሠራም። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ የነበሩ አታሚዎች የቬኒሱን ቨርጂል ተመልክተው ተመሳሳይ ፊደል አስቀረጹ፤ የመጽሐፉንም መጠን ቀድተው፣ የአታሚውን ስም ሳይገልጹ ማሠራጨት ጀመሩ። ገዥው መጽሐፉን ሲያይ የአልዱስ ይመስለዋል፤ ሲያነበው ግን በስሕተት የተሞላ ሆኖ ያገኘዋል።

አልዱስ በ1503 መጋቢት ወር አንድ ማስጠንቀቂያ አትሞ አወጣ። በማስጠንቀቂያው የሊዮኖቹ መጻሕፍት የታተሙበት ቦታና ዘመን እንደማይገለጽባቸው፣ ወረቀታቸው የማይረባና ሽታው የሚከብድ መሆኑን፣ ፊደላቸውም የፈረንሳይ ጠባይ እንዳለበት ለገዥዎች አስታወቀ። ከዚህም በላይ በየመጽሐፉ ያገኛቸውን የማተም ስሕተቶች አንድ በአንድ ዘረዘረ። የሊዮን ሰዎችም የስሕተቶቹን ዝርዝር ተቀብለው የራሳቸውን መጻሕፍት አረሙበት። አልዱስ ሌቦቹን ለማጋለጥ የደከመበት ሥራ ለሌቦቹ የነጻ እርማት ሆነ።

በዚሁ ጊዜ ማተሚያ ቤቱ በውስጡም ጠብ ተነሥቶበት ነበር። በ1501 ቨርጂል ላይ ግሪፎ ስለ ፊደሉ ቅርጽ ተመስግኖ ነበር። የብቸኝነት መብቱ የተሰጠው ግን በአልዱስ ስም ነው። ግሪፎ አልዱስን ትቶ ወደ ፋኖ ከተማ ሄደና ከአይሁዳዊው አታሚ ከጌርሾም ሶንቺኖ ጋር መሥራት ጀመረ። በ1503 ሶንቺኖ ባሳተመው የፔትራርክ መጽሐፍ ፊደሉን የፈጠረው ግሪፎ እንጂ ሌላ ሰው አለመሆኑን በግልጽ ጻፈ። ይህ ሁሉ ሆኖ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ዘመም ያለው ፊደል የኢጣሊያን ስም ይዞ ኢታሊክ ተባለ እንጂ የቀራጩን ስም አልያዘም። ስለ አልዱስ መልካምነት የሚጻፍ ታሪክ ይህን ጉድለት ሸፍኖ ሊያልፈው አይገባም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

አልዱስ በ1505 የሽሪኩን የአንድሬያ ቶሬዛኒን ልጅ ማሪያን አገባ። ቤቱም ማተሚያ ቤቱም የምሁራን መሰብሰቢያ ነበር። ሥራው እጅግ ስለበዛበት፣ ወሬ ለማውራት የሚመጡ እንግዶች ጉዳያቸውን ባጭር ቃል ተናግረው እንዲሄዱ የሚያሳስብ ጽሑፍ በበሩ ላይ ለጥፎ ነበር ይባላል። በ1508 ግን አንድ እንግዳ መጣና ለወራት ተቀመጠ። እርሱም የሮተርዳሙ ኤራስመስ ነው። ኤራስመስ ከግሪክና ከላቲን መጻሕፍት ያሰባሰባቸውን ምሳሌያዊ አነጋገሮች በማተሚያ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ይጽፋል፤ የጻፈው ቀለሙ ሳይደርቅ ለፊደል ለቃሚዎች ይሰጣል፤ አልዱስም እርማቱን ያነባል። እንዲህ ሆኖ ከ3,000 በላይ ምሳሌዎች የያዘው ትልቅ መጽሐፍ በዚያው ዓመት ታተመ። የአልዱስ ማተሚያ ቤት ዓርማ መልሕቅና በመልሕቁ ላይ የተጠመጠመ ዶልፊን ነበር። መልሕቁ የዝግታ፣ ዶልፊኑ የፍጥነት ምልክት ሲሆን፣ ሁለቱ በአንድነት በጥንቃቄ መፍጠን የሚለውን የጥንት ምክር ያስታውሳሉ።

በ1509 የአውሮፓ ነገሥታትና የሮማው ሊቀ ጳጳስ በቬኒስ ላይ ተባብረው በተነሡ ጊዜ ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ፤ አልዱስም ከቤተ ሰቡ ጋር ከተማይቱን ለቅቆ ወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። በ1513 የአፍላጦንን ድርሳናት በሙሉ በግሪክ ቋንቋ አትሞ ለአዲሱ ሊቀ ጳጳስ ለሊዮን 10ኛ በመታሰቢያነት አበረከተ።

ያ ዓመት ለኛም ታሪክ መታሰቢያ ነው። ቬኒስ ላይ አፍላጦን ሲታተም በሮም ከተማ ደግሞ የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። ፖትከን ቋንቋውን የተማረው በሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲሆን፣ መምህሩም ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ነበር። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። እንግዲህ ፊደላችን ወደ ማተሚያ ቤት የገባው አልዱስ በሕይወት ሳለ ነው፤ ነገር ግን ከቬኒሱ ዘመም ያለ ፊደል ጋር አልተገናኘም፣ የራሱንም መንገድ ይዞ ሄደ።

አልዱስ በየካቲት 6 ቀን 1515 አረፈ። ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ባደረገው ኑዛዜ ላይ አንድ የሚደንቅ ቃል ይገኛል። ይኸውም ዘመም ላለው ፊደል ትላልቅ ፊደሎች እንዲቀረጹለትና ሥራው እንዲሟላ አደራ ማለቱ ነው። ለራሱ ፊደሉ ገና ያልተፈጸመ ሥራ ነበር። አስከሬኑ በቤተ ክርስቲያን ባረፈ ጊዜ ወዳጆቹ ያተማቸውን መጻሕፍት በዙሪያው ደረደሩለት።

ከእርሱ በኋላ ፊደሉ ምን ሆነ?

ከአልዱስ ሞት በኋላ ባሉት ዘመናት አታሚዎች መጽሐፍን በሙሉ በዘመመ ፊደል ማተም እያቆሙ ሄዱ። ዋናው ጽሑፍ በቀጥታ ፊደል ይለቀም፣ ዘመም ያለው ግን ረዳት ይሁን አሉ። በዚህም ጊዜ ነው መዝመም ትርጉም ያገኘው። አንባቢው በድምፁ ጫን ብሎ እንዲያነበው የተፈለገ ቃል ዘመመ። ከሌላ ቋንቋ የመጣ ቃልም ዘመመ። የመርከብ ስም፣ የዕፀዋትና የእንስሳት የሳይንስ ስም፣ የመጽሐፍና የጋዜጣ ስምም እንዲሁ። አንድ ልብስ ለብዙ ሰው እንደ ማለት ነው። አንባቢው በራሱ አስተዋይነት እየለየ ስለሚያነብ በወረቀት ላይ ችግሩ ብዙም አልታየም።

ችግሩ የታየው ጽሑፉን ከሰው በተጨማሪ ኮምፒዩተር ማንበብ በጀመረ ጊዜ ነው። ድረ ገጽ የሚጻፍበት የምልክት ቋንቋ በጄኔቫ አጠገብ ከሚገኘው የአውሮፓ የኑክሊየር ምርምር ድርጅት ከወጣ በኋላ፣ በ1995 ሁለተኛው እትም በደንብ ተጽፎ ታወጀ። በዚያ ደንብ ውስጥ በመግቢያችን ያነሣናቸው ሦስት ምልክቶች ሁሉም አሉ። አንደኛው አይ ይባላል፤ ፊደሉ ይዝመም ከማለት በቀር ምንም አይልም ነበር። ሁለተኛው ኤም ይባላል፤ ቃሉ በአጽንኦት የሚነበብ መሆኑን ይናገራል። ሦስተኛው ሳይት ይባላል፤ የመጽሐፍ ስም ወይም ሌላ የምንጭ መጠቆሚያ መሆኑን ያመለክታል። ሦስቱም በአብዛኛው ዘመው ይታያሉ።

ደንቡ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ታርሟል። በ1997 የወጣው አራተኛው እትም ሳይትን በጠቅላላው ለምንጭ መጠቆሚያ ሰጠው። በ2014 የወጣው አምስተኛው የደራሲን ስም እንኳ በዚሁ ምልክት ማስገባትን ፈቀደ። ይሁንና ከ2019 ወዲህ ደንቡ በአንድ አካል ሥር ሲጠቃለል ትርጉሙ ጠበበ። አሁን ሳይት የሚያገለግለው ለሥራው ስም ብቻ ነው፤ ለመጽሐፍ፣ ለመጣጥፍ፣ ለግጥም፣ ለዜማ፣ ለፊልም፣ ለሥዕልና ይህን ለመሳሰለው ሁሉ። የሰው ስም የሥራ ስም ስላልሆነ በዚህ ምልክት አይገባም። አይ የሚባለውም ቢሆን የራሱ ቦታ ተወስኖለታል፤ ከሌላ ቋንቋ ለተወሰደ ሐረግ፣ ለሳይንስ ስም፣ ለመርከብ ስምና ከዋናው ጽሑፍ ድምፅ ለተለየ ቃል ይሆናል።

ስለዚህ ምርጫው ግልጽ ነው። በጽሑፍ መካከል የተጠቀሰ የሥራ ስም ሲገኝ ምልክቱ ሳይት ነው። መልኩ ያው ስለሆነ አይ ወይም ኤም ቢደረግ ምን ይጎዳል የሚል ቢኖር፣ የሊዮንን ሰዎች ታሪክ ያስታውስ። እነርሱም መልኩን በትክክል ገልብጠው ነበር። የጎደላቸው በመልኩ ውስጥ መኖር የነበረበት ነገር ነው። በአይ ብቻ የተለየ የመጽሐፍ ስም ለዓይን ትክክል ይመስላል። ነገር ግን የዐሥር ዓመት መጽሔት ተሰብስቦ በውስጡ የተጠቀሱት መጻሕፍት ሁሉ ይውጡ በተባለ ቀን፣ ኮምፒዩተሩ የመጽሐፉን ስም ከመርከቡና ከባዕድ ቋንቋው ቃል ሊለየው አይችልም። ሥራው እንደገና በሰው እጅ አንድ በአንድ መለቀም አለበት። በ1498 ወረቀቱ ላይ ስሞቹን በየክፍላቸው የደረደረው መምህር ይህን ድካም አይወድም ነበር።

በአማርኛ ጽሑፍ ዘንድ

ይህ ነገር ለአማርኛ ከሌላው ይልቅ ይበረታል። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሕዝቦች የመጽሐፍን ስም በትላልቅ ፊደሎች ሊጀምሩት ይችላሉ። ፊደላችን ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውም። በጥንት ብራናዎቻችን ላይ ጸሐፊው አርእስትንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይለይ ነበር እንጂ ፊደሉን አያዘምም። በኅትመት ዘመን ደግሞ ድርብ ትእምርተ ጥቅስን ልማድ አድርገናል። ፊደሎቻችን ከግእዝ እስከ ሳብዕ የሚለያዩት በትንንሽ ቅጥያዎች ነው። ለዘመመ መልክ ያልተቀረጸን ፊደል ኮምፒዩተሩ በግድ ሲያዘምመው፣ በተለይ በትንሽ መጠን ሲታይ፣ እነዚህ ቅጥያዎች ለዓይን ይቸግራሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 በሮም ያሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ ዛሬ በብዙዎች ዘንድ «ጦቢያ» በሚለው ስም ይታወቃል። ጦቢያ የመጽሐፉ ስም ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ ስምም ጦቢያ ነው፤ ሕዝቡም አገሩን ኢትዮጵያን ሲያቆላምጥ ጦቢያ ይላታል። አንድ ሐያሲ ስለ ጦቢያ ዕድል ቢጽፍ፣ ስለ መጽሐፉ ነው? ስለ ልጅቱ ነው? ወይስ ስለ አገሪቱ? ምልክት ካልተደረገበት አንባቢው ይደናገራል፤ ፈላጊ ኮምፒዩተርም ሦስቱን አደባልቆ ያመጣል። መጽሐፉ ብቻ በሳይት ቢለይ፣ ልጅቱና አገሪቱ ያለ ምልክት ቢተዉ፣ ነገሩ ሁሉ በቦታው ይሆናል።

ስለ አሠራሩ ይህን ያህል ቢባል ይበቃል። የመጽሐፉ ስም በሳይት ይከበብ። ትእምርተ ጥቅሱ የጽሕፈት ሥርዓታችን ክፍል ስለሆነ በጽሑፉ ውስጥ በእጅ ይጻፍ፤ ከስሙ ግን ውጭ ይሁን። ሲ.ኤስ.ኤስ. በሚባለው የመልክ ደንብ ትእምርተ ጥቅሱን ከውጭ መጨመር ቢቻልም፣ ጽሑፉ ወደ ሌላ ቦታ ሲገለበጥ ምልክቱ ይቀራልና ይህ አይመከርም። በዚያው የመልክ ደንብ ላይ ቋንቋው አማርኛ በሆነበት ቦታ ሁሉ ሳይት እንዳይዘምም አንድ መስመር ይጻፍ። በዚያው ገጽ የእንግሊዝኛ ወይም የኢጣሊያንኛ መጽሐፍ ስም በላቲን ፊደል ቢጠቀስ፣ ቋንቋው ከተመለከተ እንደ አገሩ ልማድ ይዝመም። የመጽሔትና በመጽሔቱ ውስጥ ያለ መጣጥፍ ስም ሁለቱም ሥራዎች ስለሆኑ ሁለቱም በሳይት ይለያሉ፤ በመልክ እንዲለያዩ ከተፈለገ የመልክ ደንቡ ያንን ይሠራል። የገጹ የራሱ አርእስት ግን የተለየ ምልክት ስላለው ሳይት አያስፈልገውም።

እንዲህ ከተደረገ ነገ መጽሔታችን ልማዱን ቢለውጥ፣ ለምሳሌ የመጽሐፍ ስም እንደ አባቶቻችን በቀይ ቀለም ይሁን ቢባል፣ ከመልክ ደንቡ ጥቂት መስመር መለወጥ ይበቃል። ስሞቹ ስም መሆናቸው አስቀድሞ ስለተጻፈ ማንም እነርሱን እንደገና አይፈልግም።

አልዱስ ማኑቲዩስ ፊደሉን ያሰበው መጽሐፍ በአንባቢ እጅ እንዲገባ ነበር። በኑዛዜው እንኳ ያልተፈጸመ ሥራ አድርጎ የተወው ያ ፊደል ለዓለም ሁሉ ቀረ። መልኩ የቬኒስ ነው፤ በብረት የቀረጸው ግሪፎ ነው፤ ትርጉሙን የሰጡት ከእነርሱ በኋላ የመጡ ያልታወቁ አታሚዎች ናቸው። ትርጉሙን ከመልኩ ለይቶ መጻፍ ግን የዚህ ዘመን አዘጋጆች ድርሻ ነው። በዚያ የየካቲት ቀን በአስከሬኑ ዙሪያ የተደረደሩት መጻሕፍት እያንዳንዳቸው ስም ነበራቸው፤ ወዳጆቹም አንዱን ከሌላው ለይተው የሚያውቁት በዚያ ስም ነበር።